ከሱሪ ቁራጭ የተሠራ ክንፍ

ሰውዬው ኃይለልዑል ነው። ቀኑ ኦገስት 17፣ 2013፣ ቅዳሜ፤ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ተኩል ገደማ። ቦታው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አዲስ ከተገዛው ቤት ጀርባ ያለው የእንጨት በረንዳ ላይ። ዓባይነህ ይሄን ሁሉ ለማስታወስ ዓይኑን መጨፈን እንኳ አያስፈልገውም። ኃይለልዑል የለበሰው ግራጫ ሱሪ ነበር። ሱሪውን ያሳጠረለትም ራሱ ዓባይነህ ነው፤ የእህቱ ባል ነውና በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዕለት ሌላውን ሥራ ወደ ጎን ብሎ ነው የሠራለት።

ለቤቱ ምርቃት የተጠሩት ሰዎች በልተው ጠግበው ወሬ ላይ ነበሩ። በረንዳው ላይ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል። ከሄርንደን የመጣ አንድ እንግዳ ለወጉ ያህል፣ «ወንድም ዓባይነህ፣ አንተስ ምን ላይ ነህ?» ብሎ ጠየቀ። ዓባይነህ የጎረሰውን እስኪውጥ ኃይለልዑል ቀደመው።

«እሱማ የሰው ሱሪ ያሳጥራል።»

እዚህ ላይ ቢያቆም ምንም አልነበረም፤ እውነት ነዋ። አላቆመም። ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ ጨመረበት።

«እኛ ፊደል ስንቆጥር እሱ ቁልፍ ይቆጥር ነበር።»

ስምንት ሰው ሳቀ። አንደኛው ሳል አስመስሎ ነው የሳቀው፤ ዓባይነህ ግን ከሳቁት ደምሮታል። እህቱ እታለማሁ ሳህን ለማንሳት ጎንበስ ብላ ስለነበር ፊቷ አልታየውም፤ እሷን ከየትኛውም ወገን አላስገባትም። የሚያንገበግበው የስምንቱ ሳቅ አይደለም። ዘጠነኛው ሳቂ እሱ ራሱ መሆኑ ነው። አፉ ውስጥ ምግብ እንዳለ፣ የተቀለደው በሌላ ሰው ላይ ይመስል፣ አብሯቸው ሳቀ።

ቂመኛ ነው ይሉታል። አይክድም። ሌላው ሰው ፎቶ እንደሚያስቀምጥ እሱ ንግግር ያስቀምጣል። ስድስተኛ ክፍል ላይ «አንተ ለትምህርት አልተፈጠርክም፣ ቦታ አትያዝብን» ያለው የሂሳብ መምህር የለበሰው ሹራብ ክርኑ ላይ የተቀደደ እንደነበር ዛሬም ይነግርሃል። ዲቪ ደርሶት በመጣ በሁለተኛው ወር፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ፣ ፊቱ ቆማ «ይሄ ሰውዬ ማንበብ ይችላል?» ብላ ሌላ ሰው የጠየቀችውን አለቃ የጥፍሯን ቀለም ሳይቀር ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ ግን የኃይለልዑል ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበርና ቁስሉ መድረቂያ ጊዜ አላገኘም።

እናም በዚህ ዓመት፣ በጃንዩወሪ መጨረሻ፣ በረዶ በጣለ ማግስት ወደ ሥራ ቦታው የመጣችው የዚሁ የኃይለልዑል ልጅ ናት። ሶልያና። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ዓባይነህ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ ላውንድሪ ቤት ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ የስፌት ማሽንና አንድ ካውያ ይዞ ነው የሚሠራው። ልጅቷ የጫማዋን በረዶ ሳታራግፍ ገብታ ታብሌቷን ካውያው አጠገብ ዘረጋችለት።

ሥዕል ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠይም ሴት። እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ካፖርት ለብሳለች። የካፖርቱ ጀርባ ለሁለት ተከፍሎ ክንፍ ሆኗል፤ ክንፉ ላይ ላባ በላባ ላይ ተደራርቧል። ደረቷ ላይ የወርቅ ጥልፍ አለ።

«ማናት?» አላት።

«የአሞሮቹ አዝማች። እኔ ነኝ የፈጠርኳት፣ ጋሼ። ኦንላይን በሥዕል የማወጣው ስቶሪ አለ አይደል? የሱ ሜይን ካራክተር ናት።»

«አሞራ ስትዪ፣ ጥንብ አንሳ?»

«ቨልቸር፣ የስ።»

«ርግብ ብታደርጊያትስ?»

«ጋሼ፣ ርግብ ጦር ትመራለች እንዴ?»

መልሱ ደስ አለው፤ ፊቱ ላይ ግን አላሳየም። ልጅቷ ቀጠለች። በጁላይ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል፣ ኮንቬንሽን አለ። ሰው የጌም፣ የካርቱን፣ የሥዕል መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ መስሎ ለብሶ ይመጣል። ኮስፕሌይ ይባላል። በእጅ የተሠራ ልብስ የሚወዳደርበት ኮንቴስትም አለው። ራሷ ልትሰፋው ሞክራ ነበር። ከቦርሳዋ አንድ ነገር አወጣች። ዓባይነህ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

«ይሄ ምንድነው?»

«እጅጌ።»

«የምን እንስሳ?»

ሳቀች። ሳቋ ከአባቷ ሳቅ ጋር አይመሳሰልም፤ እሱም ለዚህ ነው ከልጅነቷ ጀምሮ የሚወዳት። ከዚያ፣ ወሬዋን ሁሉ ስታወራ ቆይታ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ አመጣችው።

«ሁለት ሰው ሆኖ መግባት ይቻላል። አንዱ ሠሪ፣ አንዱ ለባሽ። ሠሪውም ስቴጅ ላይ ይወጣል። ስሙ ይጠራል።»

«የማን ስም?»

«የሠሪው ነዋ። ያንተ።»

«ሙሉ ስም?»

«ፉል ኔም። ከነአባትህ።»

ዓባይነህ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለው። ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ ልብስ ሲሰፋ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። መርካቶ፣ ምናሴ በሚባል ልብስ ሰፊ ሥር ሆኖ ለቤተ ክርስቲያን ካባና ድባብ ይሠራ ነበር። ድባቡ ላይ ስም ይጠለፋል፤ የሰጪው ስም። «ይህን ድባብ የሰጡ ወይዘሮ እገሊት» እየተባለ በሙካሽ ይጻፋል። ጻፊው እሱ ነው። ፊደል አልቆጠረም የተባለው ሰው፣ ከነጋዴውም ከሹሙም ስም አንድ ፊደል ሳይገድፍ፣ በወርቅ ክር ስንቱን ስም ጠልፏል። አሜሪካ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ልብሱ ላይ የሚንጠለጠለው የሱቁ ስም ነው። የሱ ስም በመርፌም፣ በቀለምም፣ በሰው አፍም ከሠራው ልብስ ጋር አብሮ ተነሥቶ አያውቅም።

«እሠራዋለሁ» አላት። «አንቺ ግን መርፌ አትነኪም። ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ ማንም አያየውም።»

«ዲል» አለችና እጇን ዘረጋችለት። እጇን ጨበጠና የፊቱን ፈገግታ ለመደበቅ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

ሥራውን የጀመረው ከሥዕሉ አይደለም፤ ከከረጢቶቹ ነው። ዓባይነህ ሱሪ ሲያሳጥር የሚቆርጠውን ጫፍ ጥሎ አያውቅም። የአሥራ ስምንት ዓመት ቁራጭ አልጋው ሥር በስድስት ከረጢት ታጭቋል። ሱፍ ነው፣ ጥሩ ሱፍ። ጥቁሩ፣ ግራጫው፣ ቡናማው፣ ሰማያዊ የመሰለው ጥቁር። የጠበቃ ሱሪ አለ፣ የሙሽራ ሱሪ አለ፣ ለቀብር ተብሎ በአንድ ቀን የተሠራ ሱሪ አለ። መሬት ላይ ሲዘረግፈው የአሞራ ቀለም ሁሉ ፊቱ ላይ ተገኘ። ሌላ ሰው ሱቅ ሄዶ የሚገዛውን፣ እሱ በመቀስ ሲቆርጥ ኖሮ አጠራቅሞታል።

ለእያንዳንዱ ላባ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ቆረጠ። መሐሉ ላይ ለአከርካሪው የላውንድሪውን የሽቦ መስቀያ አቃንቶ አስገባበት፤ ለትንንሾቹ ላባዎች የሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ የሚገባውን ፕላስቲክ ተጠቀመ። ከዚያ የጨርቁን ጠርዝ በመርፌ ጫፍ ክር በክር እየመዘዘ አሳሳው፤ ትንፋሽ ሲነካው የሚንቀሳቀስ እውነተኛ ላባ እስኪመስል። አንዱ ላባ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ላባ ነው። በሳሙና ቁጥር ቢጽፍበት እየጠፋ ስላስቸገረው፣ ላውንድሪው የሰው ልብስ የሚለይበትን፣ ውኃ የማያበላሸውን ባለቁጥር ወረቀት በየላባው ሥር ሰፋበት፤ ከአንድ እስከ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ከቁራጮቹ ውስጥ የዚያ ግራጫ ሱሪ ጫፍም ተገኘ። አልጣለውም። ከብብት ሥር፣ ክንፉ ተዘርግቶም ተጣጥፎም በማይታይበት ቦታ ሰፋው።

ደረቱን በሙካሽ ጠለፈው። ጥልፉ ከፍ ብሎ እንዲታይ ምናሴ እንዳስተማረው ካርቶን ቆርጦ ከሥሩ አስገባ። ምናሴ ሌላም ያስተማረው ነገር አለ፤ ሥራ እስኪያልቅ ከባለቤቱም ዓይን ይሸፈናል። መርካቶ ያለው ሥራ ቤት ግማሽ የደረሰ ድባብ ሁሉ በአቡጀዲ ተሸፍኖ ነበር የሚያድረው። ያየ ሰው አንድ ቃል ይጥልበታል፣ የተጣለው ቃል ስፌት ውስጥ ይገባል ብሎ ያምን ነበር ምናሴ። ዓባይነህም ያምናል፤ ቃል የት የት እንደሚገባ እሱን የሚያህል የሚያውቅ የለም። ካፖርቱን በአንሶላ ሸፍኖ ነው የሠራው። ሶልያና ለልክ በመጣች ቁጥር ከመስተዋት ፊት ሳትቆም ለብሳ ታወልቃለች።

አንድ እሑድ፣ ማርች ላይ፣ አንሶላው ሲነሣ ስልኳን አወጣች።

«አስቀምጪው» አላት።

«ጋሼ፣ ዳኞቹ ፎቶ ይጠይቃሉ። ስትሠራው የሚያሳይ።»

«ሲያልቅ የፈለግሽውን አንሺ።»

አንድ ነገር ልትለው አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አይታ ተወችው። እሱም ሁለተኛ አላሰበበትም።

ፋሲካን እንደተለመደው አሌክሳንድሪያ ዋሉ። ኃይለልዑል የዶሮውን ብልት እያነሣ ለእንግዶቹ አወራ። «ልጄን አሞራ አደረጋት እኮ። ሱሪ ማሳጠሩ ሲሰለቸው ክንፍ ማስረዘም ጀመረ።» ሰው ሳቀ። እታለማሁ ባሏን በክርኗ ነካ አደረገችው። ዓባይነህ አልሳቀም፤ እንቁላል ጨምሩልኝ አለ። የራሱ ቤት፣ አንሶላው ሥር ምን እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይሄን ማወቁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት፣ ምግቡ እንዲጣፍጠው አደረገ።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ሲሆን የሆቴሉ ኮሪደር ቀንድ ባለውና ጅራት ባለው ሰው ተሞልቶ ነበር። አንዱ ከካርቶን የሠራውን ጋሻ በር አላሳልፍ ብሎት ይታገላል። ዓባይነህ ሁሉንም በልብስ ሰፊ ዓይን እያየ አለፈ። ይሄኛው በሙጫ ነው፤ ያቺኛዋ እጅጌው ጎትቷታል፤ ያኛው ጎበዝ ነው፣ ትከሻውን አውቆበታል። የፈራው ነገር አልነበረም። ከመድረኩ በፊት ዳኞች ልብሱን በቅርብ የሚያዩበት ትንሽ ክፍል አለ፤ ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ሶልያና የክንፉን መሳቢያ ገመድ ሳብ አደረገችውና ክንፉ ተዘረጋ። ሦስቱም ዳኞች ከወንበራቸው ትንሽ ወደ ኋላ አሉ።

አንዷ ሽበታም ሴት ናት፤ ለቲያትር ቤት ልብስ ስትሰፋ የኖረች እንደሆነች ሶልያና ነግራዋለች። አንደኛው ጺማም ወጣት ነው። ሦስተኛዋ ትጽፋለች። ወጣቱ ካፖርቱን ዞር ብሎ አየ፤ ደረቱን አየ፤ ላባውን በጣቱ ነካ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የሆነ ነገር ጠየቀ። ሶልያና ታብሌቷን ከፍታ የራሷን ሥዕሎች አሳየችው። ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ ጠየቀ። የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ ስትሠራው የተነሣ ፎቶ ካላየን ይላል። ሩል ነው። ከሌለ ያስወጡናል።»

«ማርች ላይ ያልሽኝ ይሄን ነው?»

«ይሄን ነው። ደግሜ ብነግርህ ሥራውን ትተወዋለህ ብዬ ፈራሁ።»

እውነቷን ነው፤ ይተወው ነበር።

ወጣቱ ዳኛ ደግሞ አንድ ነገር ተናገረ፤ ለሶልያና ሳይሆን በቀጥታ ለእሱ፣ ቀስ ብሎ፣ ለማይሰማ ሰው እንደሚነገረው። ሶልያና አልተረጎመችም። መተርጎምም አላስፈለገውም። አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ አገር ኖሯል፤ የት ገዛኸው የሚለውን ጥያቄ በየትኛውም ድምፅ ይለየዋል።

ትናንት ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ፈገግ ይላል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ቤቱ ይገባል፤ ከዚያ ጺሙን፣ እጁ ላይ ያሰረውን ክር፣ ሰዓቱን፣ ቀኑን ሁሉ ከነኃይለልዑል ጎን አስቀምጦ ለሃያ ዓመት ያመነዥገዋል። ጀምሮትም ነበር። የሰውዬውን የሸሚዝ ቁልፍ ቆጥሮ ጨርሷል። ግን ስሙ በምትጽፈዋ ሴትዮ እጅ ባለው ወረቀት ላይ በግማሽ ተጽፎ ቆሟል። እስክሪብቶዋን አንሥታ እየጠበቀች ነው።

«ስንት ደቂቃ አለን?»

«ስድስት።»

«አውልቂው።»

ካፖርቱን ተቀበለና ዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ፣ በወረቀቶቻቸው ላይ፣ በደረቱ ገለበጠው። ከኪሱ የስፌት መተርተሪያውን አወጣ። ገበሩ ቀይ ሳቲን ነው፤ ክሩ እንዳይታይ አድርጎ ለመዝጋት ሦስት እሑድ ፈጅቶበታል። ማጅራቱ ላይ ጀመረና እስከ ወገቡ ድረስ በአንድ ትንፋሽ ተረተረው። ሶልያና አፏን በእጇ ያዘች። ዓባይነህ ገበሩን እንደ በግ ቆዳ ወዲህና ወዲያ ገልጦ ዘረጋው።

ሁሉም እዚያ ነበር። የታጠፈው የመስቀያ ሽቦ፣ ጫፉ ሰውነት እንዳይወጋ በክር ተጠምጥሞ። የሱሪዎቹ የድሮ እጥፋት መስመር፣ ከነካውያው ምልክት። ከጥልፉ ሥር የፓስታ ካርቶን፣ የፓስታው ሥዕል ሳይቀር። ያልጠፋ የሳሙና ምልክት። በየላባው ሥር፣ በተራ በተራ፣ የላውንድሪው ወረቀት ከነቁጥሩ።

«ንገሪው» አላት። «ከአንድ ይጀምርና እስከ አራት መቶ አሥራ ሁለት ይቁጠር። አንድ ከጎደለ ገዝቼዋለሁ።»

ሶልያና ነገረችው። «አንድ ከጎደለ» የሚለው ጋ ስትደርስ አገጯን ከፍ አደረገች።

ወጣቱ አልቆጠረም። ሽበታሟ ሴት ግን ተነሥታ መነጽሯን አጠለቀችና እጇን ገበሩ ውስጥ እስከ ክርኗ ከተተች። የሽቦውን ጫፍ ነካች። አንድ ላባ አገላብጣ የተመዘዘውን ጠርዝ በጥፍሯ ዳበሰችው። ጠየቀችው፤ ሶልያና መተርጎም ሳትጀምር ዓባይነህ ከኮሌታው መርፌ ነቅሎ እንዴት እንደሚመዘዝ አሳያት። ደግማ ጠየቀች፤ ደግሞ አሳያት። ከዚያ ለምትጽፈዋ ሴት የሆነ ነገር ነገረቻት፤ ጸሐፊዋም አንድ መስመር ሰርዛ ሌላ ጻፈች።

«ምን አለች?»

«ይሄ ፎቶ አያስፈልገውም አለች» አለች ሶልያና። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «ጋሼ፣ ግን ተቀደደ እኮ። ስቴጁ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው።»

«አልተቀደደም፤ ተከፈተ። ነይ ልዝጋው።»

ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ አጠገብ አቆማትና ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። በዚህ መሐል እታለማሁና ኃይለልዑል ደረሱ። ኃይለልዑል ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሶ ነው የመጣው። ብረት የለበሰ አንድ ጎረምሳ እግሩን ረግጦት ስለነበር ያነክሳል።

«ምን ሆናችሁ?» አለ።

«ያዝ» አለው ዓባይነህና መዳፉ ላይ የስፒል መርፌዎቹን አፈሰሰለት። «ስጠኝ ስልህ አንድ አንድ ስጠኝ።»

ኃይለልዑል ኢንጂነር ነው፤ ስሙ ሲጠራ ኢንጂነሩ ካልቀደመ ቅር ይለዋል። መዳፉን ዘርግቶ እንደ ሻማ ያዥ ቆመ።

«ምናለ አስቀድመህ ብትጨርሰው?»

«ጨርሼው ነበር። ስጠኝ።»

ሰጠው።

«በሾሉ አይደለም፣ በራሱ በኩል። ስጠኝ።»

«ታዲያ ማን ተረተረው?»

«ዳዲ፣ ገዝታችሁ ነው የመጣችሁት አሉን» አለች ሶልያና።

ኃይለልዑል ዞር ዞር ብሎ፣ «ማነው እንደሱ ያለው? የትኛው ነው?» አለ። ድምፁ የእውነት ተቆጥቶ ነበር። ዓባይነህ ቀና ብሎ አየው። የሰውዬው አንገት ሥር ቀልቷል። እንዲህ ያለ ነገር ከእሱ አልጠበቀም ነበርና ለአፍታ መርፌው እጁ ላይ ቆመ።

«እሱን ተወውና ሁለት ስጠኝ» አለው።

እታለማሁ ሳቀች። ወንድሟ ባሏን ሲያዝ፣ ባሏም ሲታዘዝ አይታ አታውቅም። «አይዞህ ዓባይዬ፣ እሱን እዚሁ አቁመህ ተጠቀምበት» አለች።

ካርድ የያዘች አንዲት የመድረክ አስተዋዋቂ መጥታ ስሙ እንዴት እንደሚጠራ ጠየቀች። ዓባይነህ ሳይነሣ ነገራት። ተሳሳተች። ደግሞ ነገራት። የአባቱ ስም «ወልደሰንበት» ላይ ሦስት ጊዜ ወደቀች፤ ሦስቱንም ጊዜ አነሣት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደፈለጋችሁ በሉት ብሎ ያልፈው ነበር። ዛሬ ልጅቷ እስክትችለው ድረስ አለቀቃትም። ሥራውንም ጠየቀችው። ሶልያና ወደ እሱ አየች።

«ልብስ ሰፊ በያት» አለ።

ከዚያ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። በሰፋፊ ስፌት ነው የዘጋው፤ መድረክ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ በላይ አይጠየቅም።

አዳራሹ ውስጥ ሰባት መቶ ሰው አለ አሉ። ሶልያና ጨለማው ውስጥ ገብታ መብራቱ ሲያገኛት እንደ ሥዕሏ ሴት ሆና ነበር፤ ከዚያም የምትበልጥ። ገመዱን ስትስበው አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ላባ አንድ ላይ ተነሣ፤ ሱፉ ብርሃኑን ጠጥቶ ጠርዙ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ሰው ከማጨብጨቡ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ዓባይነህ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማው። ከዚያ አስተዋዋቂዋ በድምፅ ማጉያው ስሙን ጠራች። ዓባይነህ ወልደሰንበት፣ ልብስ ሰፊ። አንድም ፊደል አልገደፈችም። ወጥቶ ከሶልያና ጎን ቆመ። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ይቸግረኛል ብሎ ነበር፤ አልቸገረውም። በጎኑ ተዋቸው፣ እዚያው ሆኑ።

አንድ ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ስሙ ተጠራ። በእጅ ሥራው ውድድር አንደኛ የወጡት እነሱ ናቸው። ሽበታሟ ዳኛ የብርጭቆውን ሽልማት ራሷ አመጣችለት። ስትሰጠው በሌላ እጇ መርፌ እንደያዘ ሰው ሁለት ጣቷን አጋጥማ አንዴ ሳብ አደረገች። እሱም ያንኑ መለሰላት። ከመድረኩ ወርዶ፣ ኃይለልዑል ማጨብጨቡን አለማጨብጨቡን ማየት መርሳቱ ትዝ ያለው በሩ ላይ ሲደርስ ነው። አልቆጨውም።

ውጭ፣ ሰፊው የሆቴሉ መግቢያ ላይ፣ ሰው ሶልያናን ከቦ ፎቶ ያነሣል። ኃይለልዑል ከአንድ ባልና ሚስት ጋር ቆሟል፤ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ ልጃቸውን ይዘው የመጡ። ዓባይነህን ሲያይ በሁለት እጁ ጠራው፤ ትከሻውንም አቀፈው።

«ይሄውላችሁ፣ ወንድሜ ማለት ነው። የባለቤቴ ወንድም። ዲዛይነር ነው።»

«ውይ፣ እንዴት ያለ ሥራ ነው» አለች ሴትዮዋ። «እርስዎ ኖት የሠሩት? እኔ ፈረንጅ ነው ብዬ ነበር፣ ይቅርታ።»

«ድሮም ተሰጥኦ ነበረው» አለ ኃይለልዑል። «እኛ ቤት እኮ ሁልጊዜ እናወራለን። ዝም የሚል ሰው ስለሆነ ነው እንጂ ስንት ነገር ያውቃል መሰላችሁ።»

«ትምህርቱን እዚህ ነው ወይስ አገር ቤት?» አለ ባልየው።

ኃይለልዑል እሱም እንደማያውቀው አሁን ገና የተገለጠለት ይመስል ወደ ዓባይነህ ዞረ። እጁ አሁንም ትከሻው ላይ ነው። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ልመና የመሰለ ነገር ነበር፣ እንዳታሳፍረኝ የሚል።

«አዎ፣ የት ነበር የተማርከው ዓባይነህ? ንገራቸው እስቲ።»

ሦስቱም መልሱን ጠበቁ። ዓባይነህ በሰዎቹ ትከሻ መካከል ሶልያናን አያት። አንድ ሕፃን ክንፉን ጎትቶባት የማጅራቱ ስፌት ሦስት ጣት ያህል ተከፍቷል፤ ቀዩ ሳቲን ታይቷል፤ እሷ አላወቀችም፣ ለፎቶው ፈገግ ብላለች።

የኃይለልዑልን እጅ ከትከሻው ላይ ቀስ አድርጎ አነሣው። ሽልማቱን ለእታለማሁ አስያዛት፤ ከኮሌታው መርፌውን ነቅሎ፣ ክሩን በምራቁ እያሾለ፣ በሰዉ መሐል ወደ ሶልያና ሄደ።